አሥራ አራት ምስማር

የነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ሰው ይህን ነገር ሲያወራ የሚጀምረው ከምሳ ሰዓት ነው። ስህተቱ ግን ከዚያ አሥራ ሁለት ቀን ይቀድማል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እማማ ሸዋጌጥ ገበያ ወርደው ሳለ፣ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን የበጎ ሥራ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሞሲሳ ሜትር ይዞ መጣና ቤታቸውን ለካ። ርዝመቱ ስድስት ሜትር ከአርባ፣ ወርዱ አራት ሜትር ከአሥር። ዝገት የበላው ቆርቆሮ በሰባት ቦታ ተበስቷል። ሞሲሳ የሒሳብ መምህር ነው፤ ማንኛውንም ነገር ሁለት ጊዜ ይለካል። የቤቱን ባለቤት ግን አንድ ጊዜም አልጠየቀም።

ኮሚቴው ይህን ቤት የመረጠው ሸዋጌጥ ባል የሞተባቸው፣ ጧሪ የሌላቸው ስለሆኑ ነው። ኦርቶዶክስ መሆናቸውንም ሞሲሳ ራሱ እንደ ተጨማሪ ምክንያት አቅርቦት ነበር። «ጎረቤት ማለት አብሮን የሚዘምር ብቻ አይደለም» ሲል ሁሉም ተስማሙ። ክረምቱ ሳይገባ መከደን አለበት ተባለ።

በማግስቱ ከመዘምራኑ አንዷ ሊሊሴ መልእክት ይዛ ሄደች።

«እማማ፣ የሳምንቱን ቅዳሜ መጥተን ቤትዎን በአዲስ ቆርቆሮ እንከድናለን። እርስዎ ምንም አያስቡ።»

ሸዋጌጥ ነቀምቴ ተወልደው ነቀምቴ ያረጁ፣ ወላጆቻቸው ግን ከሸዋ የመጡ ሴት ናቸው። በሸዋም በወለጋም ደቦ የሚወጣ ሰው ሁሉ «ምንም አታስቡ» ይላል። ይህን ሰምቶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ባለቤት ግን አላዩም። ረቡዕ ጌሾ ገዙ። ብቅል ከጎረቤታቸው ከወሰኔ ተበደሩ። ከዕድሩ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አሥራ ሁለት ብርጭቆ ለመኑ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ሰው መጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አናጢው ጂሩ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ምስማሩን እየነቀለ አሮጌውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ አወረደ፤ ሌሎቹ የበሰበሰውን ማገር ቀየሩ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቤቱ ግድግዳና እንጨት ብቻ ቀረ። አልጋው፣ ሣጥኑ፣ ጥግ የቆመው የጠላ ጋን ከሰማይ በታች ተገለጡ። በምዕራብ በኩል ደመና መሰብሰብ ጀምሮ ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሸዋጌጥ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ማዕድ ዘረጉ፤ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ በማንቆርቆሪያ ጠላ። ወዲያው አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆመና አሥራ አንድ ፌስታል አወረደ። በእያንዳንዱ ውስጥ እንቁላል በዳቦና አንድ ሃይላንድ ውሃ አለ። ሠራተኞቹ ፌስታላቸውን ይዘው ከአጥሩ ውጭ በተርታ ተቀመጡ።

«ኢጆሌ! ልጆች፣ ምነው ውጭ? ግቡ እንጂ!» አሉ ሸዋጌጥ።

«ገለቶማ፣ ሃርሜ። እኛ ይዘን መጥተናል» አለ ጂሩ በኦሮምኛ አመስግኖ፣ አፉ ሞልቶ።

ሸዋጌጥ አጥሩ ድረስ መጡ። ፌስታሉን አዩ።

«ከቤቴ ደጅ ላይ ተቀምጣችሁ የባጃጅ ምግብ ትበላላችሁ? መንገደኛው እያየ?»

ሞሲሳ ተነሣ። አፉን ጠረገ።

«እማማ፣ ደንባችን ነው። ከምንረዳው ቤት ውሃ እንኳ አንቀምስም። እርስዎን ላለማስቸገር ብለን ነው።»

«ከማን ቤት?»

«ከምንረዳው።»

«እኔ ደቦ መስሎኝ!» ድምፃቸው ጎዳናውን ተሻገረ። «ለካ ምጽዋት ነው! ወሰኔ፣ ነይ ስሚ! ለማኝ ሆኛለሁ፣ ማንም አልነገረኝም!»

«እንደሱ አይደለም። ጠላም ቢሆን እኛ እንደማንጠጣ ያውቃሉ።»

«አናጢ የማይጠጣ አይቼ አላውቅም።» ጂሩ አንገቱን ደፋ። «ከዚህ ቀደም ለእስላም ጎረቤቴ ቀሪቦ ጠምቄያለሁ። ላንተም እጠምቅ ነበር። ቤቴን ሰርቀህ ስትለካ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ግድግዳዬን ነው ያናገርከው?»

«ሰርቄ አልለካሁም።»

«ባለቤት የሌለበት ግቢ የሚገባ ምን ይባላል፣ ኦቦ ሞሲሳ? ለተማሪዎችህ ምን ብለህ ነው የምታስተምረው?»

ሊሊሴ ፈገግ ያለች መሰላት እንጂ ፊቷ ቀልቶ ነበር። ሞሲሳ ሰዓቱን አየ።

«እማማ፣ ዝናብ እየመጣ ነው። እንጨርስና እንነጋገራለን።»

ሸዋጌጥ ወደ ቤቱ ገቡ። በመካከል የነበረውን የምስማር ካርቶን ዘጉ፣ ላዩ ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ።

«የሠራ ሰው ካልበላልኝ ምስማር አይመታልኝም» አሉ።

ሠራተኞቹ በሩ ላይ ቆሙ። ሞሲሳ ሦስት ጊዜ ለመነ። በመጀመሪያው «ማሎ፣ እባክዎ» አለ፤ በሁለተኛው የቆርቆሮውን ብዛት ነገራቸው፤ በሦስተኛው ተቆጣ።

«ይህን ቆርቆሮ ሕዝብ ከአፉ ቀንሶ ነው የገዛው! ሌላ ስንት ቤት ሲያፈስ እርስዎን መረጥን!»

«እንዳትመርጠኝ አልከለከልኩህም። ድፎዬን ቅመስ ነው ያልኩህ።»

«አንድ ቤት ከበላን ሁሉም ቤት ይደግሳል። የሌለው ተበድሮ ይደግሳል። ደንቡ ለዚህ ነው!»

«ተበድሬ ነው የደገስኩት። አሁን ተበድሬም ተዋርጄም ቀረሁ።»

ስምንት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የወለጋ ዝናብ ሙሉ ክብደቱን ይዞ መጣ። ፍራሹ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ አበጠ። የጋኑ አፍ በኮባ ቅጠል ብቻ ተከድኖ ስለነበር ቅጠሉ ተንሸራተተና ዝናቡ በቀጥታ ጠላው ላይ ወረደ። ሸዋጌጥ አልተነሡም። ውሃው ከሻሻቸው ወደ አንገታቸው ይወርዳል።

«ከነካርቶኑ እናንሣቸው?» አለ ጂሩ በኦሮምኛ።

«እሰማሃለሁ» አሉ ሸዋጌጥ፣ እሳቸውም በኦሮምኛ። «ና፣ ሞክር።»

ሞሲሳ ጂሩን ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ላከውና ግማሽ ኪሎ ምስማር አስገዛ። ራሱ መሰላሉ ላይ ወጣ። የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ከሸዋጌጥ ራስ በላይ ዘርግቶ መታ፤ ሰባት ምስማር። ሁለተኛውን አስከተለ፤ ሰባት ምስማር። ከሥሩ ያለው መሬት መድረቅ ጀመረ።

ያኔ ሸዋጌጥ ተነሡ። ካርቶኑን ትተው፣ በሩን አልፈው፣ ግቢውን አቋርጠው ከአጥሩ ውጭ ሠራተኞቹ ምሳ የበሉበት ቦታ ላይ በዝናቡ ቆሙ።

«እማማ፣ ይግቡ!» ጮኸ ሞሲሳ ከላይ። «እዚህ ደረቅ ነው!»

«የማን ቤት ልግባ?»

«የራስዎ ቤት!»

«የኔ ቤት እኔ እምቢ ስል አይከደንም። ያ የናንተ ነው። ጨርሱት። ዘምሩበት።»

ወሰኔ ጃንጥላ ይዛ ወጣች፤ ሸዋጌጥ በእጃቸው ገፏት። ሠራተኞቹ ወደ ሞሲሳ ቀና አሉ። እሱ መዶሻውን እንደያዘ ቁልቁል አየ፤ ስልሳ ሰባት ዓመት የሞላቸው ሴት፣ ባዶ ደጅ፣ ከኋላው ሁለት አዳዲስ ቆርቆሮዎች። ጉንፋን ሳንባቸው ላይ ቢወርድ ሰኞ ሆስፒታል የሚወስዳቸው ማን እንደሆነ አሰበ፤ ይኸው ኮሚቴ ነው። መሰላሉን ወርዶ ዝናቡ ውስጥ ወደ አጥሩ ሄደ።

«እሺ። ድፎውን ይስጡኝ። እበላለሁ።»

«ለባለቤት ማን ምግብ ያቀርባል? ቤቱ ያንተ ነው፣ ግባና ብላ።»

«እማማ፣ ምን ላድርግ ታዲያ?»

ሸዋጌጥ በአገጫቸው ወደ ጣሪያው አመለከቱ።

ሞሲሳ መሰላሉን ወጣና የመዶሻውን ጥፍር በመጀመሪያው ምስማር አንገት ሥር አስገባ። እርጥብ እንጨት ምስማር አጥብቆ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ሲወጣ ይጮኻል። አንዱ አንገቱ ተቆረጠና በጣቱ አወጣው፤ ደም ወጣ። ጂሩ ሊረዳው መሰላሉን ሲይዝ «ተው፣ እሱ ራሱ ይንቀለው» አሉ ሸዋጌጥ። ሊሊሴ ስልኳን አውጥታ ነበር፤ አይናቸውን ስታይ መልሳ ከተተችው። አሥራ አራቱ ወጡ። ሁለቱ ቆርቆሮዎች ወረዱ፤ በላያቸው አሥራ አራት ቀዳዳ ቀረ። ዝናቡ እንደገና ቤቱ ውስጥ ገባ።

ሸዋጌጥ ግቢያቸው ገቡ። ከአቮካዶው ሥር ያለው ድፎ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። በቢላ ሳይሆን በእጃቸው ቆረሱና አሥራ አንዱን ሠራተኞች አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸው። ለእያንዳንዱ በእጁ ሰጡ። ጎመኑ ውሃ ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ እሱንም አቀረቡ። ጠላውን ማንም አላነሣውም፣ እሳቸውም አላነሡትም።

«ጨርሱ» አሉ።

በሉ። ሊሊሴ መጀመሪያ እንደ መድኃኒት ዋጠችው። ጂሩ ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀ፤ ሰጡት። ሞሲሳ በሚደማው ጣቱ ይዞ እስከ ፍርፋሪው ጨረሰ። ሸዋጌጥ ሳይቀመጡ ከፊቱ ቆመው እጁን እስኪጠርግ ጠበቁ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ።»

«ለምኑ ነው? እስካሁን ያየሁህ ስታፈርስ ነው» አሉ። ገብተው የምስማሩን ካርቶን በእግራቸው ወደ መሰላሉ ገፉት።