የቀኝ በኩል ብሎን

ሳህሉ እጁ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል ዕድሜውን ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ፣ ባለቤቱ ገላነሽ «እንግዲህ ታርፋለህ» ብላው ነበር። እሱ ግን የሰፈሩን፣ የፕሮይንገስሃይምን ሐበሻ ቤት ለቤት እየዞረ፣ የተቃጠለ ምድጃና የቆመ ልብስ ማጠቢያ ይጠግን ጀመር። ሲያመሰግኑት «ምን አላት፣ ቀላል ናት» ይላል። እሱ እያለ ሌላ ባለሙያ የተጠራ እንደሆነ ግን ይቀየማል።

የልብ ጓደኛው ሕሩይ ይባላል። በተማሪነታቸው አንዲት ጠባብ ክፍል ተጋርተው ኖረዋል፤ አንድ ካፖርት በፈረቃ ለብሰዋል። ሕሩይ በኋላ ትምህርቱን ትቶ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆነ። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኑ የሰው መኪና ጭሮ አያውቅም። ይህን ግን እሱ አይናገርም፤ የምትናገርለት ሚስቱ ዕንቁ ናት።

ባልና ሚስቱ ጡረታ ሲወጡ አንድ ያገለገለ ዎንቫገን ገዙ። በመኪና የሚጎተት፣ አልጋም ምድጃም ያለው ተሳቢ ቤት ነው። ሪደርቫልድ ሰፈር፣ ቤታቸው አጠገብ ካለው ግቢ ያቆሙታል፤ ብርዱ ሲለቅ ደግሞ ከመኪናቸው ጋር አያይዘው ወደ ሐይቁ፣ ወደ ተራራው ይሄዳሉ።

ችግሩ የዕንቁ ጤና ነበር። ዕንቁ ተኝታ ሳለች ትንፋሿ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ሐኪም ፊቷ ላይ አድርጋው የምታድረው፣ አየር የሚነፋ መሣሪያ አዘዘላት። የዎንቫገኑ አሮጌ ባትሪ ግን ያን መሣሪያ ይዞ እስኪነጋ አይዘልቅም። ባለፈው ዓመት ሐይቅ ዳር እንዳሉ ባትሪው አልቆ፣ ዕንቁ እየታነቀች ከእንቅልፏ ብድግ አለች። ከዚያ ወዲህ ሕሩይ «ባትሪው ሳይለወጥ ንቅንቅ አንልም» አለ። በዚያ ላይ የጎማዎቹን ንዝረት የሚያበርዱት ሾኮች አርጅተው ዘይት ያንጠባጥቡ ነበርና፣ ዎንቫገኑ መንገድ ላይ እንደ ግመል ይወዛወዛል።

«ጋራዥ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ይዣለሁ» አለ ሕሩይ። «ባትሪውንም ሾኩንም አንድ ላይ ይሠሩልኛል።»

«እኔ እያለሁ ጋራዥ?» አለ ሳህሉ። «ምነው፣ ሞቻለሁ እንዴ?»

«እንዳላደክምህ ብዬ ነው።»

«ሕሩይ ሙት፣ ቴርሚንህን ሰርዝ።»

ሕሩይ ሰረዘ።

ሳህሉ ሥራውን የጀመረው በባትሪው ነው። ከባዱን አሮጌ የእርሳስ ባትሪ አውጥቶ፣ በምትኩ ሁለት ሊቲየም ባትሪዎች በቀኝ በኩል ካለው መቀመጫ ሥር አስቀመጠ። እንዳይንቀሳቀሱ በቀበቶ ጠፈራቸው። ቻርጀሩን ለሊቲየም በሚስማማ ለወጠው፤ ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አሰረ፤ ሽቦውን እንደ ሹሩባ አሳምሮ ዘረጋው። በእውነትም ያማረ ሥራ ነበር። የዕንቁን መሣሪያ ሰክተው ሲሞክሩት ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ባትሪው ገና ግማሽ እንኳ አልጎደለም።

ወደ ሾኮቹ የዞረው በማግስቱ ነው። ዎንቫገኑን በክሪክ አንስቶ፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። የግራውን ጨረሰ። የቀኙንም የላይኛውን ብሎን አጠበቀ። የታችኛውን በጣቱ አስገብቶ ጥቂት እንዳዞረው የዕንቁ ድምፅ ተሰማ።

«ኧረ ውጣ ሳህሉ! ምሳው ቀዘቀዘ እኮ!»

ወጣ። እጁን ታጠበ። እየበሉ ስለ ባትሪው ያስረዳ ጀመር፤ በስልኩ ላይ ስንት እንደቀረ እንዴት እንደሚታይ አሳያቸው፣ ብርድ ከዜሮ በታች ሲወርድ እንዳይሞሉት አስጠነቀቃቸው። ሕሩይ እያደነቀ ሰማ። ከምሳ በኋላ ሳህሉ ክሪኩን አወረደ፤ መፍቻዎቹን ሰበሰበ፤ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሕሩይና ዕንቁ ወደ ደቡብ ተጓዙ። ከካርልስሩኸ አለፍ እንዳሉ፣ ቁልቁለቱ ላይ ዎንቫገኑ ወዲያ ወዲህ ይላጋ ጀመር። ሕሩይ ነዳጁን ለቅቆ መሪውን ጨብጦ ሊያረጋጋው ሞከረ። አልሆነም። ተሳቢው ተወርውሮ ከመንገዱ ዳር ካለው ብረት ጋር ተላተመ፤ መኪናውንም ይዞት ዞረ። ከኋላቸው የሚመጣው ከባድ መኪና እንዴት እንደሳታቸው እግዜር ይወቅ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ የዕንቁ የእጅ አንጓ ግን ተሰበረ። የመጣው ፖሊስ ሕሩይን መጀመሪያ የጠየቀው ዕድሜውን ነበር፤ ቀጥሎም ዓይኑን የተመረመረው መቼ እንደሆነ።

ሳህሉ ወሬውን ሲሰማ ደነገጠ። ድንጋጤው ሲበርድለት ግን ውስጡ አንዳች ነገር ይነዘንዘው ጀመር። ሰዎች «ዎንቫገኑን አንተ አልነበርክ እንዴ የሠራኸው?» ሊሉት ነው። በዚያው ሳምንት ኖርድኤንድ ሰፈር፣ ሰይፈ ገብርኤል የሚባል ወዳጃቸው ቤት ክርስትና ነበር። ሕሩይና ዕንቁም ነበሩ። ስለ አደጋው ወሬ ሲነሳ፣ ማንም ሳይጠይቀው ሳህሉ ፈጥኖ ተናገረ።

«የኔ ሕሩይ አውቶቡስ ለምዶ! ዎንቫገን እኮ እንደ አውቶቡስ አይነዳም። እንደው ዕድሜም ተጫጭኖት ይሆናል፤ መሪውን ለዕንቁ ቢሰጣት ይሻል ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሕሩይም ፈገግ አለ። ወዲያው ግን ሳህኑን አስቀምጦ፣ ዕንቁን «እንሂድ፣ እጅሽ ይረፍ» ብሎ ተነሣ።

ሳህሉ በማግስቱ ወደ ሪደርቫልድ የሄደው ለራሱ ማረጋገጫ ፈልጎ ነው። ሕሩይና ዕንቁ ሐኪም ዘንድ ነበሩ። ተጎትቶ የተመለሰው ዎንቫገን ጎኑ ተፍቆ ቆሟል። ባትሪዎቹን አየ፤ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። «ብዬ አልነበር» አለ በሆዱ። ከዚያ መብራት ይዞ ከሥር ገባ።

የቀኙ ሾክ ተንጠልጥሏል። የታችኛው ብሎን የለም።

ሳህሉ በጀርባው እንደተኛ ቀረ። የዕንቁ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣ፤ «ኧረ ውጣ፣ ምሳው ቀዘቀዘ»። ብሎኑን በጣቱ ያዞረው ታወሰው፤ በመፍቻ ያጠበቀው ግን ምንም ያህል ቢያስብ ትዝ ሊለው አልቻለም፤ አላጠበቀውምና። በዚያ በኩል ነው ደግሞ ሁለቱንም ባትሪ የጫነው። አደጋውን ያመጣው ይህ ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ ሕሩይ ያንን የሚወናጨፍ ነገር በሁለት እጁ ታግሎ ነው ሚስቱን ከሞት ያተረፋት። እሱስ? እሱ ሰው መሐል አሳቀበት።

ከዚያ ያደረገውን ግን እስከ ዛሬ ለራሱም ማስረዳት አይሆንለትም። ተነሥቶ ዕቃ መሸጫ ሄደ፤ አንድ ብሎን ገዛ፤ ተመልሶ ከሥር ገባና ሾኩን በቦታው አሰረው። በዚህ ጊዜ በመፍቻ ክርር አድርጎ አጠበቀው። ያን ዕለት ማታ ሕሩይ ደውሎ «መጥተህ ነበር አሉኝ፤ ዎንቫገኑን አየኸው እንዴ?» ሲለው፣

«አየሁት። ሁሉም ደህና ነው» አለ።

«እንግዲያስ እኔው ነኝ» አለ ሕሩይ፣ ቀስ ብሎ።

ሳህሉ ያኔ መናገር ነበረበት። ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ሕሩይ መሪ መጨበጥ ተወ። ሱቅ እንኳ በባቡር መሄድ ጀመረ። ዕንቁ ለገላነሽ ስትነግራት፣ ሌሊት እየባነነ «ያዥው! ያዥው!» ይላል። ገላነሽ ይህን ለባሏ አወራችው።

«ፉረርሻይኑን ሊመልስ ነው አሉ። መንጃ ፈቃዱን፣ በገዛ እጁ! ለሰው አደጋ ነኝ ይላል። ሄደህ አታጽናናውም?»

«ምን ልበለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጓደኛህ አይደል?» ብላ አተኩራ አየችው። ሳህሉ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። የሚያየው ነገር ግን አልነበረም። የተበላሸ ዕቃ አለኝ ብሎ የሚደውልለትንም ሰው «አሞኛል» እያለ ይመልስ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሕሩይ ደወለ።

«ዎንቫገኑን የሚገዛ ሰው መጥቷል። ስለ ባትሪው ይጠይቀኛል፣ እኔ ደግሞ አላውቅም። መጥተህ ብታስረዳልኝ?»

ሳህሉ እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። ሲደርስ ገዢው ከሚስቱ ጋር ቆሟል፤ ኣብራሃ የሚባል፣ አርባ ዓመት የማይሞላው ሰው ነው። ዕንቁ እጇ እንደታሰረ በር ላይ ተቀምጣለች። ሕሩይ ሳህሉን ትከሻውን አቅፎ አስተዋወቀው።

«ይኸውልህ፣ የሠራው እሱ ነው። ወርቅ እጅ ነው ያለው። ባትሪውን እኔ ካልኩህ በላይ ታየዋለህ። ይህ ጎኑ የተፋቀው የኔ ጥፋት ነው፤ የዕቃው አይደለም። ይህንን ደብቄ አልሸጥልህም።»

ሳህሉ አንገቱን ደፋ። ስለ ባትሪው ምን እንደተናገረ አያውቀውም፤ አፉ ብቻውን ነው የተንቀሳቀሰው።

«ሾኮቹም አዲስ ናቸው፣ ና ላሳይህ» አለ ሕሩይ፤ መሬት ላይ ተጋድሞ መብራቱን ወደ ውስጥ አበራ። ኣብራሃም ከጎኑ ተንበረከከ። ትንሽ ቆይቶ የሕሩይ ድምፅ ከሥር መጣ።

«ሳህሉ፣ ይህቺ ብሎን ለምን ተለየች?»

«የትኛዋ?»

«የቀኟ የታችኛዋ። ሌሎቹ ጭቃና ዝገት ለብሰዋል፤ ይህቺ ታበራለች። የገባችበትም ቀዳዳ ተቦርብሯል። አንድ ነገር ሲንገጫገጭበት የኖረ ይመስላል።»

በጥርጣሬ አልነበረም የጠየቀው። እንዲያስረዳው ነው፤ እንደ ሁልጊዜው። ሳህሉ ሊመልስ አሰበ፤ መልሱም አልቸገረውም፤ «ዝጋ ስላየኋት ለወጥኳት» ቢል ያልቃል። አፉን ከፈተ። ዕንቁን አያት። የታሰረ እጇን በደህናው ደግፋ ትጠብቀዋለች።

«ወድቃ ነበር» አለ።

«ማን?»

«ብሎኗ። አላጠበቅኳትም። ለምሳ ስትጠሩኝ እንዲሁ ትቻት ወጣሁ፣ ረሳኋት። ከአደጋው በኋላ መጥቼ ሳይ ሾኩ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ሌላ ገዝቼ አሰርኩና ደህና ነው አልኩህ።»

ሕሩይ ከሥር ቀስ ብሎ ወጣ። ልብሱ ላይ ያለውን አፈር አላራገፈም። ኣብራሃ ነገሩ የሱ እንዳልሆነ ገብቶት «ጋሼ፣ እኛ ሌላ ቀን እንመለሳለን» ብሎ ሚስቱን ይዞ ሄደ። ሳህሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

መጀመሪያ የተናገረችው ዕንቁ ናት።

«እጄስ ይሁን፣ ይጠገናል» አለች። «ይህ ሰው ግን ሁለት ወር ሙሉ ራሱን ሲረግም አድሯል። እኔ ነኝ አጠገቡ የተኛሁት። አንተ እያወቅህ!»

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ ሳህሉ።

«ብሎን መርሳት እኮ ማንም ይረሳል» አለ ሕሩይ። እጁ ላይ ያለውን መብራት ያጠፋል፣ ያበራል። «በዚያች ቀን ነግረኸኝ ቢሆን ስቀን ነበር የምናልፈው። ‹እንግዲያስ እኔው ነኝ› ስልህ ግን ዝም አልከኝ።»

«አፈርኩ።»

«አፍረህ ነው እኔን ያዋረድከኝ?»

ሕሩይ መብራቱን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ።

«በሰው ፊት ያልከውን በሰው ፊት መልሰው። እስከዚያ ድረስ ቤቴ አትምጣ።»

በሚቀጥለው እሑድ የሐበሻው ማኅበር ለምሳ ተሰብስቦ ሳለ ሳህሉ ተነሥቶ ቆመ። ገላነሽን ዋዜማውን ነግሯት ነበር፤ ሰምታ አልተቆጣችም፣ ሌሊቱን ግን ጀርባዋን ሰጥታው አደረች። ሰዉ ምስጋና የሚያቀርብ መስሎት ጸጥ አለ። ሳህሉ ነገሩን ሳይቀባባ ተናገረ፤ ብሎኑን፣ የደበቀውን፣ በክርስትናው ቤት የቀለደውን። ያኔ የሳቁት ሁሉ አሁን ሳህናቸውን ይመለከታሉ። አንድ ሽማግሌ «በል እግዜር ይቅር ይበልህ፣ ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ። ከጎኑ ያለው ሰው ውኃ ቀዳለትና ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ማውራት ጀመረ። ሕሩይ በዚያ አልነበረም፤ ወሬው ግን ከሳህሉ ቀድሞ ሪደርቫልድ ደረሰ።

ሕሩይ ፉረርሻይኑን አልመለሰም። ዎንቫገኑንም አልሸጠም። ጋራዥ ወስዶ ሾኮቹንና ማያያዣውን በሙሉ አስፈተሸ፤ አንዱን ባትሪ ወደ ግራ አዛወሩለት፤ ጎኑን አስጠገነ። የዕንቁ እጅ ሲድን ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ሞዝል ወንዝ ተጓዙ። ሳህሉ መሄዳቸውን የሰማው ከሰው ነው። ሲመለሱም ከሰው ሰማ። ባቡር ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፤ ከዚያ ሁለቱም በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

ብርዱ ሲገባ ሕሩይ ደወለ። ድምፁ የድሮው አልነበረም፤ የጠላትም አልነበረም።

«ሐሙስ ጠዋት ዕንቁን ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ነው። ማሞቂያውን የሚሠራ ሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ይመጣል። ቤት ሆነህ በር ትከፍትልኛለህ?»

«እከፍታለሁ» አለ ሳህሉ።

ሐሙስ ዕለት በጠዋት ሄደ። ሕሩይ ቁልፉን ሰጥቶት፣ ዕንቁን መኪናው ውስጥ አስገብቶ፣ መሪውን ይዞ ወጣ። ሠራተኛው መጥቶ ማሞቂያውን ፈታታው፤ ያላቅቃል፣ ያጸዳል፣ ይገጥማል። ሳህሉ ወንበር ስቦ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ሰውየው መብራት እንዲይዝለት ሲጠይቀው ተነሥቶ ያዘለት፤ ስለ ሥራው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እኩለ ቀን ላይ ሕሩይ ተመለሰ።

«ሠራው?»

«ሠርቻለሁ ብሏል» አለ ሳህሉ፣ ኮቱን እየለበሰ። «እኔ አልነካሁትም። ራስህ እየው።»

ሕሩይ ማሞቂያውን በእጁ ዳሰሰ። ሞቋል። ከዚያ ሳህሉን በር ድረስ ሸኘው።