ከጎረቤት የተጫረ እሳት

መምህርት ጣይባ ሆጤ ካለው ቤቷ ኮምቦልቻ እየተመላለሰች ታሪክ ስታስተምር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እንደዚያ ሰሞን ግን ደሟ ፈልቶ አያውቅም። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው፤ በግድ የተወሰዱ ሰፋሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያልፋሉ። እሷ ደግሞ ስለ ጥንት ግሪኮች አስተማረች። መሬት የጠበባቸው ሰዎች ከቆሮንቶስ ተነሥተው ባሕር ማዶ ሰራኩስ የተባለች ከተማ እንደቆረቆሩ፣ ከእናት ከተማቸው ምድጃ እሳት ይዘው እንደሄዱ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ሕጋቸውን ራሳቸው እንዳወጡ፣ ለቆሮንቶስም እንዳልገበሩ ነገረቻቸው። ግድግዳም ጆሮ አለው፤ ወሬው ሳይውል ሳያድር ካድሬው ደምመላሽ ዘንድ ደረሰ።

ደምመላሽ የራሷ ተማሪ ነበር፤ ይህንኑ ትምህርት ተምሮ ፈተናውን ደፍኖታል። በማግስቱ ወረቀት ይዞ ክፍል ገባ።

«ጓድ ጣይባ፣ ሰፋሪ መንግሥት በሾመለት ይተዳደራል። ትናንት ያስተማርኩት ስሕተት ነው ብለው ይህን ያንብቡላቸው። አለዚያ ከማስተማር ይታገዳሉ።»

ወረቀቱን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ፈርታለች፣ ምን ይደበቃል። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ።

«እሳት ጠፍቶበት፣ ኩበት ይዞ ከጎረቤት የጫረ እጁን ያውጣ» አለች ለተማሪዎቹ።

ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ።

«ሐዋ፣ አንቺ ከማን ቤት ትጭሪያለሽ?»

«ከእማማ ገበያነሽ።»

«እሳቱን ስለሰጡ እናንተ ቤት ገብተው፣ ወጡን እንዲህ ሥሩ ይላሉ?»

«ወላሂ አይሉም» አለች ሐዋ። «ቢሉስ እናቴ መች ትሰማለች።»

ክፍሉ ሳቀ።

«ግሪኮቹም እንደ ሐዋ እናት ናቸው። እናት ከተማቸውን ያከብራሉ፤ በምድጃቸው ግን እንድታዝ አይፈቅዱላትም። ደምመላሽ፣ አንተም በፈተና የጻፍከው ይህንኑ ነው።»

የደምመላሽ ፊት ቀላ። «መታገዱ አነሰዎት ማለት ነው። ነገ ስምዎ ከሰፋሪዎቹ ጋር ይመዘገባል፤ አውቶቡሱ ላይ ያስተምራሉ።»

ሳቁ ጠፋ። ጣይባ ሆጤ ላይ በር በሩን እያዩ የሚጠብቋት እናቷ ትዝ አሏት። ቢሆንም ወረቀቱን አንሥታ ሳታነበው መለሰችለት።

«መዝግበኝ» አለችው። «ከዚህ እሳቴን ይዤ እሄዳለሁ። እዚያ ስንደርስ ግን ማን እንደሚያዘን እኛው እንመክራለን።»

እሱ በሩ ላይ እንደቆመ ጠመኔዋን አነሣችና የትናንቱን ትምህርት ከመጀመሪያው ጀመረች።