የእመት ገላነሽ ሙሾ

አዛናው አድማሴ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሲማር ኖሮ፣ የወረታ ሰው ሁሉ ለሚጠይቀው ለአንዲት ጥያቄ መልስ አጣ። «ስትጨርስ ምን ትሆናለህ?» ሕክምና የተማረ ሐኪም ይሆናል፣ እርሻ የተማረም ሥራ አያጣም። ሥነ ጽሑፍ የተማረስ? እናቱ ለጎረቤት «ጽሕፈት ነው የሚማር» ትላለች፤ ጎረቤትም ማመልከቻ ሊያስጽፍ ይመጣል። እሱም ይጽፋል፤ ምን ያድርግ!

በዚያ ክረምት ወደ አገሩ ሲመጣ ከትምህርት ክፍሉ የተዋሰውን ቴፕ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፉ የፎገራን ሜዳ የልቅሶ ግጥም ቀድቶ እንዲመለስ ታዟል። ባዶ እጁን ከተመለሰ መመረቁ ያጠራጥራል። አባቱ ቄስ አድማሴ ይህን ሲሰሙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ።

«እንግዲህ ልቅሶ ልትማር ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድህ? እዚሁ ቁጭ ብትል በነጻ ትሰማው አልነበረም?»

አዛናው ነገሩ ቀላል መስሎት ነበር። በሜዳው ሁሉ የታወቁት አልቃሽ እመት ገላነሽ እዚያው መንደር ናቸው። ከሐሙሲት እስከ ጣራ ገዳም ሥር ሰው በሞተ ቁጥር ይጠራሉ። እሳቸው አፋቸውን ከከፈቱ፣ ከሟቹ ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረው ሳይቀር ደረቱን ይመታል። ቴፑን ታቅፎ፣ ጭቃውን እየረገጠ ቤታቸው ሄደ።

«እመት ገላነሽ፣ ሙሾ እንዲያሰሙኝ ነው የመጣሁ።»

እመት ገላነሽ የሚፈትሉትን ጥጥ አስቀመጡና ትኩር ብለው አዩት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ። ለትምህርት ነው።»

«ማንም ሳይሞት?» አማተቡ። «ልጄ፣ ሬሳ በሌለበት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው። ሞትን ና ግባ ብሎ መጥራት ነው።»

«እንግዲያ በአያቴ ይሁን። ከሞቱ ቆይተዋል።»

«አያትህንማ አልቅሼላቸው፣ ተዝካራቸውንም በልቻለሁ። ተዋቸው፣ ይረፉበት።»

አዛናው ግራ ገባው። ክፍል ውስጥ ሙሾ ማለት ቅርጽና ይዘት ያለው ግጥም ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፣ ተማሪው ስንኙን ይለካል፣ ደወል ሲደወል ሁሉም ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። ለዚያ ሲባል የሞተም ያማተበም ሰው አይቶ አያውቅም። የተሳሳተው መምህሩ ይሁን እመት ገላነሽ መለየት አቃተው። ቢሆንም ደጅ መጥናቱን አልተወም። በመጣ ቁጥር አንድ ሟች አስታውሶ ይመጣል፤ አንዴ አጎቱን፣ አንዴ የሠፈሩን አንጥረኛ። ሁሉም በወጉ የተለቀሰላቸው ሆነው ተገኙ። ሰው እንዴት ያልተለቀሰለት ሙት ያጣል ብሎ ተናደደ፤ ወዲያው በገዛ ሐሳቡ ደነገጠ።

አንድ ቀን፣ መንደርተኛው ለአረም ወርዶ ቀዬው ጭር ባለበት ሰዓት፣ የጉማራን ወንዝ የሚሞላ ከባድ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ እመት ገላነሽ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«አንድ ያልተለቀሰለት አለ» አሉ።

ማን እንደሆነ ለአዛናው ወዲያው ገባው፤ ስሙ በመንደሩ አይነሣም ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ልጃቸው አበረ ጎንደር ሲማር ተይዞ ተገደለ። ሬሳውም አልመጣ። አንድ ካድሬ ብቻ መጣና «ለአናርኪስት አይለቀስም፤ ጥቁር ለብሰሽ እንዳትታዪ» ብሏቸው ሄደ። ጎረቤትም ፈርቶ ደጃቸውን ሳይረግጥ ቀረ። አገር ያስለቀሱት ሴት በነጭ ነጠላ ገበያ ወጡ።

«እሱም እንደ አንተ ተማሪ ነበር» አሉት። «በል ያችን ዕቃህን ክፈታት።»

ከፈታት። እመት ገላነሽ ቆመው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አወረዱት።

ለሰው ሁሉ ሐዘን ቀድማ የምትጮኸው፣
የልጇ ጊዜማ አፏን ማን ለጎመው?

ደብተሩን አንግቶ ከወጣ ከደጄ፣
ጉማራ ሞላ ወይ፣ የት ገባብኝ ልጄ?

አዛናውን ሰውነቱን ወረረው። ጆሮው ግን ሥራውን አልተወም፤ ስንኙን ይለካል፣ ስድስት በስድስት፣ አንዲት እንኳ አልጎደለችም። እንዲህ ያለ ግጥም በመጽሐፍም አላጋጠመውም። ደስ አለው። በሰው ሐዘን ደስ እንዳለው ሲገባው ደግሞ አፈረ፤ ማፈሩም ደስታውን አላጠፋለትም።

እመት ገላነሽ ግን አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሱም። አልቃሽ ታስለቅሳለች እንጂ አታለቅስም። ሐዘንተኛዋ ሌላ ናት።

«እስቲ ዕቃህ የሰማችውን ትናገር» አሉ ሲጨርሱ።

አዛናው ካሴቱን መልሶ ከፈተው። ድምፃቸው ከዝናቡ ጋር እየታገለ ወጣ። እመት ገላነሽ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ይች ሴት ታውቅበታለች» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ሐዘንተኛ እንደሚቀመጠው መሬት ላይ ተቀመጡ። «ለልጄ መጣችልኝ! ሁሉ ሲቀር እሷ መጣችልኝ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። አምስት ዓመት የታቆረው እንባ ወረደ።

«ድገምልኝ» አሉት። ደገመላቸው። አሁንም «ድገምልኝ» አሉ። እንዲህ ሲሉ የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ደከመ። ድምፁ እየተጎተተ፣ እየወፈረ ሄደና ቀጥ አለ።

«ምን ሆነች?»

«ድንጋዩ አለቀ፣ እመት።»

«እንግዲያ አንተ በል። ሰምተሃታል። ሐዘንተኛ ከመሐል ተጥሎ አይኬድም።»

አዛናው ግጥም ይተነትናል እንጂ ሙሾ አውርዶ አያውቅም። ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ተነሥቶ ቆመ። ድምፁ ከቅዳሴም ከልቅሶም አልሆነ። «ደብተሩን አንግቶ ከወጣ ከደጄ» ሲል እመት ገላነሽ «ወይ ልጄ!» ብለው ተቀበሉት። ሁለተኛውን ስንኝ ሲያወርድ መለካቱን ረሳ። እሱም ያለቅስ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፍ ደንብ አለው፤ ሙሾውን ያወረደችው ሴት ስም፣ ቀበሌዋና የሟቹ ማንነት መጻፍ አለበት። ስማቸውን ከጻፈ እመት ገላነሽን ራሱ ለካድሬው አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ሙሾው ከቀረ ደግሞ በሕይወቱ የሰማው ትልቁ ግጥም እንዳልነበረ ይሆናል። ክረምቱን ሙሉ አወጣ አወረደና፣ ሊሄድ ሲል ካሴቱን ለእሳቸው ሰጠ። በአበረ ሸሚዝ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ አኖሩት።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት መምህሩ ጠራው። «እሺ፣ ከፎገራ ስንት ሙሾ ቀዳህ?»

«ምንም አልቀዳሁም።»

«ክረምቱን ሙሉ?»

«ሰው ካልሞተ ሙሾ አይወርድም አሉኝ።»

«ታዲያ?»



«ሰው ሁሉ ደኅና ነው፣ ጌታዬ። በእኛ አገር የሞተ ሰው የለም።»

ከአፉ ሲወጣ ቃሉ የዚያ «አይለቀስም» ያለ ካድሬ ቃል መሰለው። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ አየው፤ ቀጥሎ የተዘጋውን በር አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲያ የሠርግ ዘፈን ጻፍ» አለው።

አዛናውም የሠርግ ዘፈን ጽፎ ተመረቀ።