ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት

«"በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ተኝቷል" አልከኝ! ማን ነው የተኛው? ማዳሟ ናት የተኛችው!»

ነጅማ ስትጮህ ደስታው ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። እሷ ከአገር ውጭ፣ ቡላኦስ በሚባለው ሰፈር ያለው የኢትዮጵያውያን ቤት ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ናት፤ እሱ ደግሞ ሠራተኞቹ ችግር ሲገጥማቸው በስልካቸው እርዳታ የሚጠሩበትን መተግበሪያ የሠራው ነው።

«ሙቀቱ መልእክቱን የሚቀበለውን ሰርቨር ያቃጥለዋል፣ እትዬ። በቀትር፣ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት፣ ማጥፋት ነበረብኝ። ደግሞ በዚያ ሰዓት አንድም መልእክት መጥቶ አያውቅም።»

«ጠፍቶ በየት በኩል ይምጣ?»

ጥግ ላይ የተቀመጠችውን የቤት ሠራተኛ ሀዊን ሳቅ አመለጣት፤ በፋሻ በተጠቀለለው እጇ አፏን ሸፈነች።

ነጅማ አምና፣ ማሽን የማያስገዛና የማያስጠብቅ፣ ሌላ ድርጅት ሌት ተቀን የሚያንቀሳቅሰው አገልግሎት እንከራይ ብላ ነበር። ደስታው «የሴቶቹ ምስጢር በሰው እጅ አይገባም» ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ግን ራሱ ያውቀዋል፤ «ሙሉ በሙሉ እኔ ነኝ የሠራሁት» ለማለት ፈልጎ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሀዊ እጇ ላይ የፈላ ዘይት ፈሰሰባት። አሠሪዋ ማዳም ሐኪም ቤት አትሄጂም አለቻት። ማዳሟ በቀትር ስትተኛ ሀዊ መታጠቢያ ቤት ገብታ ሦስት ጊዜ መልእክት ላከች፤ ሦስቱም አልሄዱም። ከዚያ ስልኳን ተቀማች። ከቤቱ የወጣችው በሦስተኛው ቀን ነው።

«ከአሥር ሰዓት በኋላ ብትሞክሪ…» አለ ደስታው።

«ከአሥር በኋላማ ማዳም ትነሳለች» አለችው ሀዊ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው በዝግታ።

የደስታው ፊት እስከ ጆሮው ጋለ። እናቱ በዚሁ ከተማ በሰው ቤት ስትሠራ፣ ድሬዳዋ ለቀረው ለእሱ የምትደውለው ሁልጊዜ በቀትር ነበር። በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ድምፅዋ በተፈጥሮው እንደዚያ ይመስለው ነበር።

«አገልግሎቱን እንከራይ፣ እትዬ» አለ።

ሥራውን ወደ ተከራዩት አገልግሎት ለማዛወር አራት ቀን ፈጀበት። በአምስተኛው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከውጭ ያለው ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ፣ ሀዊ በተዋሰችው ስልክ ለሙከራ «አለሁ» ብላ ጻፈች። የነጅማ ስልክ ጮኸ። ማኅበሩ ቤት የተሰበሰቡት ሴቶች እልል አሉና ነጅማን ከበቧት።

«አሁን እኔ ልሞክር!»

«ቆይ፣ ተራሽን ጠብቂ እንጂ!»

ደስታው የሰርቨሩን ገመድ ነቀለ፤ ማሽኑን በፎጣ ጠቅልሎ ታቀፈው። በሩ ጋ ለአፍታ ቆመ። የነጅማ ስልክ እንደገና ጮኸ፤ ሁሉም ወደ ስልኩ አጎነበሱ። ደስታው ወደ ፀሐዩ ወጣ።