ከሪባኑ በፊት መውረድ ክልክል ነው

መመሪያውን የጻፈችው ሩሃማ ነበረች። ከኮሚቴው ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ከእሷ በቀር ስላልነበረ ሥራው እሷ ላይ ተጣለ። «ለሴቶች የበጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞ ተሳታፊዎች ጠቃሚ መረጃ» የሚል አንድ ገጽ ነው፤ በቴሌግራም ይለቀቃል፣ ከቲሸርቱ ጋርም ይታደላል። እሷም እንደ ሞኝ ከልቧ ጻፈችው። ፍሬናችሁን በዋዜማው አስፈትሹ። ጎማችሁን አስነፉ። ነጠላና ሰፊ ቀሚስ ካቴና ውስጥ ስለሚገባ ሱሪ ልበሱ። ማርሽ የምትቀንሱት ዳገቱ ሳይጀምር ነው። ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ እንጦጦ ላይ አየሩ ስስ ነውና ቢያዞራችሁ አትደንግጡ፣ ቀስ በሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ መቅደላዊት መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ከንፈራቸውን አጣመሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው ያስፈራል።»

«የሚያስፈራውማ ዳገቱ ነው።»

«ዳገቱን ተዪው፤ እሱን ምን እናደርገዋለን! አንቺ ግን ትንሽ አሳምሪው። ፈገግታ አይለያችሁ የሚል ጨምሪበት፣ ድሮን ይኖራል። ነጠላውን ደግሞ አትከልክይ፤ ሁሉም አንገታቸው ላይ ጣል ቢያደርጉ ለቪዲዮው እንዴት ያምራል መሰለሽ!»

«ካቴና ውስጥ ይገባል አልኩዎት እኮ።»

«በመርፌ ቁልፍ እናስይዘዋለን። አንቺ ደግሞ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።»

የፍሬኑ ወጣ፣ የፈገግታው ገባ።  ሩሃማ ሲግናል ሰፈር አድጋ፣ ሆላንድ ተምራ፣ ከተመለሰች ጥቂት ዓመት የሆናት ሴት ናት። እዚያ ሳለች ያገሩን ሰው ትንቅ ነበር፤ ለማዘን እንኳ ቀጠሮ የሚይዝ ይመስላት ነበር። እዚህ ስትመጣ ደግሞ የዚህኛውን ናቀች፤ የተያዘለትን ቀጠሮ የሚያስታውሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ማታ ማታ ራሷን እንደምትንቅ ግን ማንም አያውቅላትም።

ኮሚቴው ውስጥ የገባችው በአንድ የክረምት ጠዋት ምክንያት ነው። እንደ ልማዷ እንጦጦን በብስክሌት ስትወጣ፣ አራት ወንዶች አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ሲወርዱ አገኘቻቸው። ተራራው አናት ላይ ገብስ የሚዘራ፣ በዳዳ የሚባል ገበሬ ሚስት ነበረች፤ ምጧ ጠንቶባታል። መንገዱ ሲጨቀይ ታክሲ ወደዚያ አይወጣም። ሩሃማ ያልደወለችበት ቁጥር የለም። ሁሉም «መጣን» አለ። ሴትየዋ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ዝናብ ላይ ወለደች። ልጁ አላለቀሰም። ሩሃማ ውድ የዝናብ ልብሷን ለብሳ፣ ስልኳን ጨብጣ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ራሷን ለመናቅ ሌላ ምክንያት አልፈለገችም።

የጉዞው ዓላማም ይኸው ነበር፤ ለአናቱ እናቶች መኪና መግዛት። ከመዋጮው የቲሸርቱ፣ የድንኳኑና የድሮኑ ሲነሣ ግን ለመኪና ቀርቶ ለመኪና ጎማ የሚሆን አልተረፈም። ሁሉም ይህን ያውቃል፣ ሁሉም ስለ ቲሸርቱ ቀለም ያወራል።

ያዳናቸው የአቶ ወንደሰን ትዕቢት ነው። አቶ ወንደሰን የፍራሽ ፋብሪካ ያላቸው፣ በየስብሰባው የፊት ወንበር የማይጠፋላቸው ሰው ናቸው። በማስተዋወቂያው ግብዣ ላይ ሁለት ብርጭቆ ከያዙ በኋላ ማይክ ጠየቁ።

«ሴት! እንጦጦን! በብስክሌት!» አሉ፤ በሦስቱም ቃል ላይ ሳቁ። «እኔ በማርቸዲስ ስወጣው ያቃስትብኛል። በሉ እሺ፤ አንዲት ሴት፣ አንዲት ብቻ፣ ከዳገቱ ሥር ተነሥታ እግሯ መሬት ሳይነካ ሪባኑን ከበጠሰች፣ ሚኒባሴን ከነሊብሬው እሰጣለሁ!»

ሰው አጨበጨበ። ሩሃማ አላጨበጨበችም፤ እጇ ስልክ ይዞ ሲቀዳ ነበር። አቶ ወንደሰን ወንበራቸው ላይ ሳይቀመጡ ቪዲዮው ወጣ። ያን ዕለት ማታ መመሪያው ላይ አንድ መስመር ጨመረች፣ በደማቁ፦ ዳገቱ ከተጀመረ በኋላ፣ ከሪባኑ በፊት መውረድ ክልክል ነው። ወይዘሮ መቅደላዊት ይህችን ሳይነኩ አሳለፏት። «ሥርዓት ያለው ነገር ይመስላል» አሉ።

ሚኒባሱን የምታመጣው እየሩስ መሆኗን ሩሃማ አልተጠራጠረችም። እየሩስ ድሮ ለክለብ የምትወዳደር፣ አሁን ሲግናል የሕፃናት ልብስ ሱቅ ያላት፣ ዳገት ስታይ ልቧ የሚነሣ ፍየል ነገር ናት። ከሩሃማ ጋር ወር ሙሉ አብረው ሲወጡ ሲወርዱ ከረሙ።

«ሩሂ፣ መኪናውን እንደ ገባ ቁጠሪው» አለቻት በዋዜማው።

«መመሪያውን አንብበሻል?»

«ሪባን እስክበጥስ አልወርድም። ሌላው ሁሉ ስለ ፈገግታ ነው።»

ቀኑ እሑድ ነበር። ከሲግናል ሲነሡ ሁሉም አዲስ ቲሸርት፣ ሁሉም በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ነጠላ። ገና ሰፈሩን ሳይለቁ የአንዷ ነጠላ ካቴና ውስጥ ገብቶ ከነብስክሌቷ ዘረጋት፤ ድሮኑም ዝቅ ብሎ ቀረጻት። እየወደቁ፣ እየተነሡ፣ ፎቶ እየተነሡ ቀጠሉ። ከታች አንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ ግማሾቹ ወርደው አማተቡ። ሩሃማ ከኋላ ሆና አየቻቸው። «ደግነቱ ውርርዱ ገና አልጀመረም» አለች በልቧ፣ አሾፈችም። ያየችው ነገር ምን እንደሚያመጣ ግን አላየችም።

ዳገቱ ተጀመረ። ከላይ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ዳር ይዘው ቆሙላቸው። አንዷ ከሸክሟ ሥር አንገቷን አስግጋ፣

«እናንተ ደግሞ ምን አጥፍታችሁ ነው?» አለች።

ሁሉም እያለከለኩ ፔዳላቸውን ረገጡ። አቶ ወንደሰን መስኮታቸውን ከፍተው በመኪና ከጎን ከጎን ይሄዳሉ። «አይዞሽ የኔ እናት፣ ውረጂ! ማን ያይሻል? ለሴት ልጅ መውረድ ነውር ነው እንዴ!» አንዷ ወረደች። ሌላዋ ወረደች። ሦስት ሆነው ተቃቅፈው ወረዱና ሣሩ ላይ ተኝተው ሳቁ። ኋላ የሚከተለው ፒክአፕ ብስክሌት እየለቀመ ሞላ። የዳገቱ መጨረሻ ሲታይ ከፊት እየሩስ ነበረች፣ እጅግ ከኋላ ደግሞ ሩሃማ፤ ብስክሌት የለመደችው በሆላንድ ሜዳ ነውና ሳንባዋ ሊቀደድ ደርሷል። ሌላ የቀረ አልነበረም።

ሪባኑን ወይዘሮ መቅደላዊት ያሳሰሩት ከእንጦጦ ማርያም ደጅ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ በፎቶው ላይ ቤተ ክርስቲያኗ ከበስተኋላ እንድትታይ። ይህን ሲወስኑ ማንም አልተቃወመም፣ ሩሃማም ጭምር። በዚያ ደጅ በእግሩ የሚያልፍ ቆሞ ይሳለማል። በመኪና የሚያልፍ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ያማትባል። በበቅሎ የሚመጣ የድሮ ሰው ግን ይወርዳል፤ ኮርቻ ላይ እንደ ተቀመጠ ደጀ ሰላም የሚያልፍ ባለጌ ነው። እንግዲህ ብስክሌት የቱ ነው? መኪና ነው ወይስ በቅሎ? ኮሚቴው በመኪና የሚኖር ኮሚቴ ስለሆነ ነገሩ አልመጣለትም።

እየሩስ ግን አልተጠራጠረችም። ደጁ ጋ ስትደርስ፣ ሪባኑ ፊት ለፊቷ እየተወዛወዘ፣ ሰው እያጨበጨበ፣ ፍሬን ያዘች። እግሯን አንሥታ ወረደች። ብስክሌቱን ግንቡ ላይ አስደግፋ፣ የተሰካ ነጠላዋን ፈትታ አጣፋች፣ ሦስት ጊዜ ሰግዳ ደጁን ሳመች።

«አትውረጂ!» የሩሃማ ጩኸት ዘግይቶ ከታች ደረሰ።

እየሩስ ዞር አለች። ፊቷ ላይ እፍረት አልነበረም፤ ጩኸቱ ነው የገረማት።

«እመቤቴን እንዴት አድርጌ ልለፋት?»

አቶ ወንደሰን ከመኪናቸው ወረዱ። እሳቸውም አማተቡ፣ ከዚያ ዘወር ብለው ሳቃቸውን ለቀቁት። «እሰይ! ሃይማኖቷን የጠበቀች ልጅ! ሕግ ግን ሕግ ነው፤ ራሳችሁ የጻፋችሁት፣ በደማቁ። እግሯ መሬት ነካ።»

ሩሃማ ይህን ስትሰማ ገና እየወጣች ነበር። እየሩስ ላይ የተናደደችውን ያህል፣ የሰውን ስግደት ለሚኒባሱ ማስቀሪያ ባደረጉት በአቶ ወንደሰን ተንገሸገሸች። ደጁ ተቃረበ። ከውስጥ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል። ዘበኛው ጋሽ ወልደሰንበት ከበሩ ዳር ሆነው፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «ውረጂ ልጄ» አሏት። ሰው ሁሉ ያያታል። ልጅ ሳለች እናቷ እዚሁ ደጅ ላይ ማጅራቷን ይዛ ታስጎነብሳት ነበር፤ እምነቱ ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ ማጅራቷ ግን ያን እጅ ዛሬም ይጠብቃል። ራሷ ዝቅ ሊል ሲል ያ ያላለቀሰ ልጅ ትዝ አላት፤ ዝምታው።

ቀና አለች። ወደ ጎን አላየችም፣ አላማተበችም። ፔዳሉን ረግጣ በደጁ ፊት አለፈች፣ ሪባኑንም በደረቷ በጠሰችው።

ያጨበጨበ አልነበረም። ድሮኑ እንኳ ወደ ሌላ ዞረ። ወይዘሮ መቅደላዊት ሮጠው መጡና ክንዷን ያዙ።

«አንዴ ብትወርጂ ምን አለበት?»

«ሚኒባስ አለበት።»

«እኛ ደግሞ በማርያም ደጅ! ምን ይሉናል?»

«ሪባኑን እዚህ ያሰሩት እርስዎ ነዎት።»

አቶ ወንደሰን ወደ ሰዉ ዞሩ። «ይቺ እኮ የፈረንጅ አገር ሰው ናት፤ ትቆጠራለች እንዴ? እኔ ያልኩት ያገራችንን ሴት ነው!» ሰዉም አጉረመረመ፤ ማጉረምረሙ ወደ እሳቸው ያጋድል ነበር። ወይዘሮ መቅደላዊት ጫማቸውን አዩ። ሚኒባሱ ከእጅ ሊያመልጥ ነው።

እየሩስ ነጠላዋን እንዳጣፋች ወደ መሐል ገባች።

«ትቆጠራለች» አለች። «ያደገችው ሲግናል ነው፣ ቤታቸውን አውቀዋለሁ። እኔ ወርጃለሁ፣ እሷ አልወረደችም። ቪዲዮው አለ፣ ጋሽ ወንደሰን። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ቢጠፋ ይሻላል ይላሉ፤ በዚህ ደጅ ደግሞ አይቀልዱም።»

አቶ ወንደሰን ወደ ደጁ አዩ፣ ወደ ሰዉ አዩ። በማርያም ፊት ቃሉን በላ መባል ለፍራሽ ንግድ ጥሩ አይደለም። ቁልፉን አወጡ። «ለእሷ አይደለም» አሉ፣ ሩሃማን ሳያዩ። «ለእመቤቴ ብዬ ነው።» ያን ጊዜ ጭብጨባው ቀለጠ።

ሩሃማ እየሩስን ልታቅፍ ቀረበች። እየሩስ ብስክሌቷን በመካከላቸው አደረገች።

«መኪናውን አምጥተሻል፣ ጥሩ ነው» አለች ዝግ ብላ። «ካሁን በኋላ ግን ካንቺ ጋር አልነዳም።»

«ታዲያ ባላልፍ ይሻል ነበር?»

«ማለፍሽን አይደለም የምልሽ። ቀና ብለሽ ነው ያለፍሽው።»

ሚኒባሱ ተቀባ። በጎኑ ላይ የእየሩስ ፎቶ ተለጠፈ፣ ደጁን ስትስም፤ ከሥሩ «በአቶ ወንደሰንና በቤተሰባቸው የተበረከተ»። በርክክቡ ቀን ሩሃማን የጠራት አልነበረም። ለሚቀጥለው ጉዞ መመሪያው እንደገና ሲወጣ ሌላ ሰው ጽፎታል፦ ሪባኑ ከደጁ በታች ይታሰራል፤ ደጁ ላይ ሁሉም ይወርዳል። ስለ ፍሬን ዘንድሮም የለበትም። ሩሃማ አንብባ ሳቀች፣ ሳቋም አላስደሰታትም።

አንድ ጠዋት ብቻዋን ስትወጣ፣ ደጁ ጋ ስትደርስ፣ ሚኒባሱ ከአናቱ እየበረረ መጣ። ውስጡ ሴት ታቃስታለች። ሾፌሩ ደጁ ፊት ቀጥ አድርጎ አቆመው፣ መንገዱን ዘግቶ።

«ንዳ እንጂ!» ጮኸች ሩሃማ። የቆመውን መኪና በመዳፏ መታችው፣ በተለጠፈው የእየሩስ ፎቶ ጉንጭ ላይ። «ሴትዮዋ ታምጣለች፣ አንተ ትሳለማለህ?»

«እኔ መቼ አልኩ? አቁምልኝ ያለችው እሷ ናት!»

መስኮቱ ተከፈተ። ላብ ያጠመቀው ፊት ወጣ፣ ወደ ደጁ ጎንበስ አለ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ «በል ሂድ» አለ፤ ሚኒባሱም ቁልቁል ወረደ። በጊዜ ይደርሳል፤ ሩሃማ መንገዱን ታውቀዋለች።

ብስክሌቷን በእጇ ይዛ፣ በሁለት እግሯ መሬት ላይ ቆማ ቀረች። ጋሽ ወልደሰንበት ከበሩ ዳር አዩአት።

«ዛሬስ ወረድሽ» አሏት።

«መኪናው መንገድ ዘግቶብኝ ነው» አለች። እዚያው ደጁ ፊት እግሯን አሻግራ ብስክሌቷ ላይ ወጣችና ነዳችው።