ፊትሽን ወደ ምዕራብ አዙሪ

«ፊትሽን ወደ ምዕራብ አዙሪ» አሉ መምሬ አለነ።

ኡምኩልሱም አልዞረችም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዋርካው ሥር፣ ለነገው ጥምቀት ከሚለማመዱት ንኡሰ ክርስቲያን መካከል እሷ ብቻ ፊቷን ወደ ቄሱ እንዳደረገች ቀረች። ሌሎቹ፣ ከቆላ የመጡ የጉሙዝ ባልና ሚስት፣ ወደ ምዕራብ ዞረው ለመምሬ ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

«እዛ ምን አለ አባ?»

«ሰይጣን ነዋ! ፀሐይ የምትጠልቅበት፣ የጨለማው ወገን ነው። እጅሽን ትዘረጊና ‹ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ› ትያለሽ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ ታምኛለሽ። ይኸው ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።»

ኡምኩልሱም ወደ ገደሉ አፋፍ አየች። ምድሩ ከዚያ ጀምሮ ወርዶ ወርዶ ቆላ ይገባና በዓባይ በኩል ጭጋግ ይሆናል። ከጭጋጉ ማዶ አገሯ ነው።

«እዛ መንጌ ነው» አለች። አማርኛዋ ገና ስብርብር ያለ ነበር። «እናቴ እዛ ተቀብሯል። ባሌ እዛ ተቀብሯል። ሰይጣን የለም እዛ።»

መምሬ አለነ ደግ ሰው ነበሩ። ምን ዋጋ አለው፣ ደግነታቸው እንደ ካባቸው ሳስቶ ለራሳቸውም በቅጡ አይበቃቸውም ነበር። ሳላቸውን ስለው ሲጨርሱ «አገርሽን አይደለም የምትክጂው» አሏት። «ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁት። እኔም ስጠመቅ እንዲሁ ተደርጓል፤ ሕፃን ስለነበርኩ የክርስትና አባቴ ነው የካደልኝ።»

«አንተ ምን አየህ አባ፣ እዛ ስትዞር?»

«ሕፃን ነበርኩ እያልኩሽ!» አሉ መምሬ። ወዲያው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ አምነሽ ነው የምትጠመቂው?»

«ልጄ እዚህ ነው» አለች ኡምኩልሱም።

ሌላ ቄስ ቢሆን በዚህ መልስ ያባርራት ነበር። መምሬ አለነ ግን ነገ በጠዋት እንድትመጣ ብቻ ነግረው ወደ ቅጥሩ ገቡ።

ልጇን ዓዲላን የወሰደባት ከደጋ የወረደ የባሪያ ዘመቻ ነው። መንጌ ላይ፣ ሴቶቹ ወርቅ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር፣ ወታደሮች ልጅቱን አፈፍ አድርገው ሄዱ። አባትየው ሊያስጥላት ሮጦ እዚያው ወደቀ። ኡምኩልሱም ባሏን ቀብራ፣ ከገበያ ገበያ እየጠየቀች፣ ዓባይን ተሻግራ ይህን ደጋ ወጣች። ዓዲላን ያገኘቻት በወይዘሮ የዝና ጓሮ እህል ስትፈጭ ነው። አንገቷ ላይ ማተብ አለ፤ ስሟም ወለተ ማርያም ሆኗል።

ወይዘሮ የዝና ያን ቀን በሁለቱ መሃል ቆመው ነበር። «ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ለእስላም አልሰጥም» አሉ። «ከፈለግሽ አንቺም ተማሪና ተጠመቂ።» እስክትጠመቅ ድረስም ምግቧ ለብቻ በቅል እየተቀመጠላት ከቤቱ ጀርባ ትበላለች፤ እንስራቸውንም አትነካም። እሷም ብትሆን እነሱ ያረዱትን ሥጋ ባፏ አታዞርም። በዚህ በዚህስ ተግባብተው ነበር።

ከልምምዱ ስትመለስ ወይዘሮ የዝና ደጃፋቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። ኡምኩልሱም ስትማር የከረመችው ለዚህች ጥያቄ ነውና መሬት ላይ ቁጢጥ አለች።

«እመይቴ፣ ነገ ክርስቲያን ሆንኩ። ከዛ ልጄን ይዤ መንጌ እሄዳለሁ?»

ወይዘሮ የዝና እንዝርቱን አቆሙት። ቀልድ መስሏቸው ሊስቁም ነበር።

«የት? እስላም አገር? ልጄን? እናት ዓለም፣ የክርስትና እናቷ እኮ ነኝ! እግዜር ፊት የምጠየቅባት እኔ ነኝ። ደግሞስ ምን ጎደላት? አንቺም እዚሁ ከልጅሽ ጋር እየፈጨሽ ትኖሪያለሽ፤ ማን ይከለክልሻል?»

ክፋት አልነበረባቸውም። ዓዲላ በወባ ስትንቀጠቀጥ ኩታቸውን አልብሰው ያለቀሱ ሴት ናቸው፤ ኡምኩልሱምን ያቃጠላትም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ በረገመቻቸው።

ዓዲላን ምንጩ ዳር አገኘቻት። ለብቻቸው ሲሆኑ እናትየው የምታናግራት በአገራቸው ቋንቋ፣ በቤርታኛ ነው፤ ልጅቱ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በአማርኛ ነው።

«አንቺም ስትጠመቂ ወደ ምዕራብ ዞረሽ ነበር?»

«አዎ።»

«አባትሽ ትዝ አላለሽም?»

ዓዲላ እንስራዋን ማጠብ ቀጠለች። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለች። «አንቺም ጨፍኚ፣ እማ።»

«እኔ አልጨፍንም። አባትሽንና አያትሽን ፊት ለፊት እያየኋቸው ነው የምለው። ያኔ ተገድጄ መሆኑን ያውቁልኛል።»

«ብቻ እንዳትጨቃጨቂ» አለች ልጅቱ። «ካልተጠመቅሽ እመይቴ ያባርሩሻል። ሰምቻቸዋለሁ።»

ኡምኩልሱም ማተቡን እንዳትነካባት ተጠንቅቃ የልጇን አንገት አቀፈች። ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበራትም።

በማግስቱ የጉሙዙ ባልና ሚስት ተራቸውን ጨርሰው እሷ ተጠራች። ወይዘሮ የዝና ነጭ ለብሰው ከሴቶቹ ፊት ቆመዋል። መምሬ አለነ ጸሎቱን አድርሰው «ዙሪ» አሏት። ዞረች። እጇን ዘረጋች። ዓይኗን አፍጥጣ ጭጋጉንና መንጌን ፈለገች።

አፋፉ ላይ ግን ዓዲላ ቆማ ነበር። እናቷ መቃብሮቹን እንዳታስብ፣ እሷን ብቻ እንድታይ ብላ፣ ከሴቶቹ መሃል ሹልክ ብላ ሄዳ በምዕራብ በኩል ቆመችላት። ቃሉ እንዳይጠፋባትም በከንፈሯ ብቻ ታስጠናታለች፤ «እ-ክ-ድ-ሃ-ለ-ሁ።»

የኡምኩልሱም እጅ ልጇ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

«በይ እንጂ» አሉ መምሬ አለነ ቀስ ብለው።

ወይዘሮ የዝና አንገታቸውን አሰገጉ። ዓዲላ ደግሞ ለእናቷ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች።

ኡምኩልሱም ዓይኗን ጨፈነች፤ ቃሉንም አለችው።