የበሽተኛ ፓስታ

ሲኞራ አርጂያ ከሆስፒታል ከወጡ ዛሬ ስድስተኛ ቀናቸው ነው፤ ከውሃና ከቁራሽ ዳቦ በቀር ግን እህል በአፋቸው አልዞረም። ሐኪሙ ልጃቸውን ኒቬስን ለብቻዋ ጠርቶ እቅጩን ነግሯታል። እስከ ሰኞ ካልበሉ ተመልሰው ይተኛሉ፤ በዚህ ዕድሜ ሁለተኛ ከተኙ ደግሞ መውጣታቸው ያጠራጥራል። ዛሬ እሑድ ነው።

ኒቬስ ደህና ሴት ናት። አንድ ክፉ አመል ግን አለባት፤ በሽተኛን እንደ ሕፃን ታባብላለች። ጠዋት የተቆላ ገብስ አፍልታ፣ በቡና ስኒ ቀድታ፣ «ቡናሽ ደረሰ፣ እማዬ» ብላ አቀረበች። ሐኪሙ ቡና ከልክሏላ! አርጂያ ደግሞ በልጅነታቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቡና ከገበያ ሲጠፋ፣ በዚሁ ገብስ ያደጉ ናቸው። ሽታውን ገና ከበር ለዩት።

«ማንን ልታሞኚ ነው?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ለምሳ ኒቬስ የሩዝ ፍሬ የሚያህለውን ፓስታ በዶሮ መረቅ ቀቅላ፣ ደረቅ አይብ ፈቅፍቃበት ይዛ መጣች። በጣሊያኗ ፋኤንዛ ከተማ የታመመ ሰው ሌላ ምን ይበላል? ሕፃን ጥርስ ሲያበቅልም፣ ሽማግሌ ጥርሱ ሲረግፍም የሚሰጠው ያው ነው።

«ብዪ እማዬ፤ በሳምንት ውስጥ ዘለሽ ትነሻለሽ።»

«አልበላም።»

«ሁለት ማንኪያ ብቻ! ከዚያ ገበያ አብረን እንወጣለን።»

አርጂያ ዞር ብለው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት። «አባትሽን ምን እያበላሁ እንደ ሸኘሁት ታስታውሻለሽ?»

የኒቬስ እጅ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ይሄው ፓስታ ነበር። እስከዚች ደቂቃ ድረስ ረስታው ነበር።

«ሐኪሙ አስር ቀን አይቆይም ብሎኝ ነበር» አሉ አርጂያ። «እኔ ግን ባጎረስኩት ቁጥር ‹ኦሊንዶ፣ በሳምንት ውስጥ ትነሳለህ› እለው ነበር። እሱም አምኖኝ ይበላ ነበር፣ ምስኪን! አሁን አንቺ ያንኑ ቃል ስትደግሚብኝ ምን ልበል? ሞቴን ከማን ልስማ?»

ኒቬስ መጀመሪያ እንባዋ መጣ፤ ቀጥሎ ግን ንዴቷ። ስድስት ሌሊት በወጉ አልተኛችም።

«እሺ፣ እውነቱን ትፈልጊያለሽ? በሳምንት አትነሺም! ወር ይፈጅብሻል፤ ሁለትም ሊሆን ይችላል። ደረጃ መውጣት ከእንግዲህ የለም። ቡናም የለም፤ የጠዋቱ ገብስ ነው፣ ዋሽቼሻለሁ። ግን እየሞትሽ አይደለም! ካልበላሽ ነገ ሆስፒታል ይመልሱሻል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቅም።»

ከአፏ ያመለጣት ነገር ሲገባት ክው አለች። እናቷ ግን አላለቀሱም።

«ደረጃም የለም?»

«የለም።»

«ወር?»

«ሁለትም ሊሆን ይችላል አልኩሽ እኮ።»

አሮጊቷ ጥቂት አሰቡና ማንኪያውን ከልጃቸው እጅ ተቀበሉ። አንዴ ጎረሱ፤ ደገሙ።

«የመጣሁ ዕለት ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉ እያኘኩ፣ «ይሄን ሁሉ ቀን አልራብም ነበር።»